ይሂድ ያልኩት መሪ

ጥቅምት 4 ቀን 2006፣ ሰኞ

በቤት የጸሎት ኅብረታችን ወንድም ኢዩኤል፣ «ማጉረምረም የምታበዙ ሰዎች በየቀኑ የምታመሰግኑበትን ነገር ጻፉ» አለ። ሲናገር የሚያየው እኔን ነው። ባለቤቴ ሶሬቲም እኔን እንደሚያይ አየች፤ በማግሥቱ ይህን ደብተር ገዝታ ትራሴ ላይ አስቀመጠችልኝ። እንግዲህ ላመስግን።

ሥራ አለኝ። ከኢምፔሪያል ሆቴል ጀርባ፣ በኡርጌሳ ወርክሾፕ፣ የመኪና መሪ ሳጥን እንሠራለን። ከተማው በሙሉ ግንባታ ሆኗል፤ ድንጋይና አሸዋውን ከሚያመላልሱት ብዙዎቹ እነዚያ አሮጌ የጣሊያን ጭነት መኪናዎች፣ ኤንትሬዎቹ ናቸው፤ መለዋወጫቸው ደግሞ ከገበያ ከጠፋ ቆይቷል። ስለዚህ እኛ እናወጣዋለን። ሹፌሩ መሪውን ሲያዞር ሳጥኑ ውስጥ አንድ ጠመዝማዛ ጥርስ ያለው ብረት ይዞራል፤ ዎርም እንለዋለን። ዎርሙ ጥርሱ ላይ የተቀመጠውን ሮለር ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይገፋል፣ ጎማው ይታጠፋል። ዎርሙን በብረት መቅረጫው፣ በቶርኖ፣ የሚያወጣውና ከሮለሩ ጋር አፋትጎ የሚያላምደው ገብረትንሣኤ ነው። የምፈትሸው እኔ ነኝ።

ሳጥኑን ጠረጴዛው ላይ ባለው የብረት መያዣ፣ ሞርሳ ላይ፣ አስራለሁ፣ መሪ እገጥምለታለሁ፣ ዓይኔን ጨፍኜ በሦስት ጣት ከዳር እስከ ዳር አዞራለሁ። መሃል ሲደርስ ትንሽ ያዝ ማድረግ አለበት፤ ትንሽ ብቻ። ከላላ መኪናው መንገድ ላይ ይዋልላል። ከመጠን በላይ ከያዘ ደግሞ ከኩርባ በኋላ መሪው አልመለስም ይላል፣ እሱ ይብሳል። ክዳኑ ላይ አንዲት ማስተካከያ ብሎን አለች፤ እሷን እያላላሁና እያጠበቅኩ ልኩን አገኛለሁ። ከዚያ «ይሂድ» እላለሁ፣ ነጭ ቀለም እነካበታለሁ። ሹፌሮች ያንን ነጭ ነጥብ ሳያዩ ሳጥን አይረከቡም። በዚህ እኮራለሁ። ኢዩኤል ኩራትንም ጻፉ አላለም፣ እኔ ግን ጽፌዋለሁ።

ጥቅምት 9

ውሃ ጥም ገደለኝ። ከመገናኛ እስከ አያት ለባቡሩ ቆፍረውት አቧራው ጉሮሮ ያደርቃል። ሶሬቲ፣ «እኔም በዚያው መንገድ ነው የምመላለሰው፣ በርሜል ግን አልጠጣም» አለች።

ማታ ሱቅ ወርጄ ስመለስ ጎረቤታችን ፈሂማ በር አንኳኳች። አንድ ነጠላ ጫማ ይዛለች። «ጋሽ ላጲሶ፣ ጫማዎ ደረጃው ላይ ቀርቷል» አለችኝ። እግሬን ባይ እውነትም አንዱ ባዶ ነው። የቻይና ጫማ ሲሰፋ እንዲህ ያደርጋል።

ምስጋና፦ ደግ ጎረቤት አለን።

ጥቅምት 14፣ ሐሙስ

ኡርጌሳ አንዲት መሐንዲስ ቀጥሯል። ሄሊና ትባላለች፤ ወጣት ናት፣ ሰው ታከብራለች። የጭነት ማኅበሮቹ ፍተሻው በቁጥር ይሰጠን ብለው ነው አለኝ። «ያንተን እጅ የሚተካ የለም፣ ላጲሶ። ለወረቀት ያህል ነው።» ለወረቀት ያህል ከሆነ ደግ።

ይዛ የመጣችው መሣሪያ ሚዛን ነው። መንጠቆ አለው፣ ሥጋ ቤት የምናየው ዓይነት። መንጠቆውን መሪው ጠርዝ ላይ ታደርግና ትስባለች፤ መሪው መንቀሳቀስ ሲጀምር ቁጥሩን ታያለች። «ከሽንጡ ነው ከዳቢቱ?» አልኳት። ሳቀች። እኔ ይሂድ ያልኩትን ሳጥን ለካች፣ ቅንድቧን ከፍ አደረገች፣ ደግማ ለካች። ምን አገኘሽ ብዬ አልጠየቅኳትም። ሚዛን አዲስ ሲሆን ይዋሻል።

ጥቅምት 22፣ ዓርብ

ዱቤ መጣ። የኡርጌሳ ታናሽ ወንድም ነው፤ ከለገጣፎ ድንጋይ እየጫነ በካራ በኩል ወደ ኮተቤ ያወርዳል፣ አንዳንዴም ለአያትና ለሰሚት ግንባታዎች ያደርሳል። «ጋሽ ላጲሶ፣ መሪው መሃል ላይ ይይዘኛል። ታግዬ ካልመለስኩት አይመለስም» አለኝ።

ሳጥኑን አስፈታሁና ሞርሳ ላይ አሰርኩት። ዓይኔን ጨፍኜ አዞርኩ። ምኑንም አይይዝም። እንዲያውም መሃሉ ባዶ ሆነብኝ። ብሎኗን ትንሽ ጨመር አድርጌ አጠበቅኳት፣ ደግሜ አዞርኩ፣ አሁንም ባዶ መሰለኝ፣ ጨመርኩባት።

«አሁን ልክ ነው፣ ይሂድ።»

«እርስዎ ካሉ» አለና ሄደ።

ሹፌሮች ሰንፈዋል። መሪው ራሱ እንዲነዳላቸው ነው የሚፈልጉት።

ጥቅምት 29

ሥራ በዝቷል። መብራት ሄደ፣ መጣ፣ ሄደ። ጠዋት የሸሚዜን ቁልፍ ሶሬቲ ቆለፈችልኝ። የዘንድሮ ሸሚዝ ቁልፉን ለአሻንጉሊት ነው የሚሠሩት። ሌሊት ሽንት አላስተኛኝም። ክሊኒክ እንሂድ ትላለች። ከገና በኋላ አልኳት። ጽሕፈቴ ተንጋዷል፤ እስክሪብቶው ነው።

ኅዳር 3፣ ማክሰኞ

ዛሬ ያደረግኩትን ልክ ነው ብዬ ነው የምጽፈው።

ሳጥኖች ተመለሱብን። ሄሊና ክዳናቸውን ከፍታ ዎርሞቹን አወጣች። ጥርሳቸው ዳርና ዳሩ ደህና ነው፣ መሃሉ ላይ ግን ተልጧል፣ በጣት ሲሄዱበት ይሻክራል አለች። እኔም በጣቴ ሄድኩበት፤ አልሻከረኝም፤ ግን ልጡ በዓይን ይታያል። «ከመጠን በላይ ጠብቀው የተፋተጉ ይመስላሉ» አለች። ማን እንዳጠበቃቸው አልጠየቀችም። ወደ መሬት አየች።

በሠራተኛው ሁሉ ፊት፣ «የማላመድ ጉድለት ነው፤ ገብረትንሣኤ ቸኩሎ ነው የሚያወጣው» አልኩ። ገብረትንሣኤ እጁን በጨርቅ ጠረገ። ቶርኖ ያስያዝኩት እኔ ነኝ፤ ልጅ ወልዶ እስኪያሳድግ አብረን ሠርተናል።

«እንደ ድሮው ነው ያላመድኩት፣ ጋሽ ላጲሶ።»

«ድሮ ተመልሶ አይመጣም ነበር።»

ኡርጌሳ ከቶርኖው አንሥቶ መብሻ ማሽን ላይ መደበው። ቶርኖውን ለሌላ ሰጠ። ገብረትንሣኤ ምሳውን ከእኛ ጋር አልበላም፣ ከመኪናዎቹ ጀርባ ተቀምጦ በላ።

ልክ ነኝ። ዎርም መሃሉ ሲላጥ የማላመድ ችግር ሊሆን ይችላል፣ ማንም ባለሙያ ይህን ይላል። ግን የሰውየው ድምፅ ከጆሮዬ አልወጣም። ተቆጥቶ ቢመልስልኝ ይሻለኝ ነበር። ለምን እንደማይቆጣ አላውቅም። ሶሬቲ መብራቱን አጥፋ ትላለች፤ ዛሬ የማመሰግንበት ነገር ፈልጌ አጣሁ።

ኅዳር 12፣ ሐሙስ

ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻ እያቃጠለ ኅዳርን ያጥናል፤ ዓይን አያስገልጥም።

ዱቤ አያት አደባባይ ላይ ታጥፎ መሪው ሳይመለስለት ቀረ። የባቡሩን ሥራ የከለለውን ቆርቆሮ ጥሶ ገባ። ሠራተኞቹ ምሳ ሄደው ስለነበር ማንም አልተነካም። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ይህን ከልቤ ነው የምጽፈው።

ወርክሾፑ ውስጥ ወሬው ሲነገር ቀድሜ፣ «ጢሱ ነው። ምን አይቶ ሊነዳ» አልኩ። ኡርጌሳ፣ «ጢሱ ነው» አለ፣ እንደተገላገለ ሰው። ዱቤ ራሱ ስለ ጢስ አልተናገረም። «ለምጄው ነበር እኮ፣ ዛሬ ክንዴ ዘገየ» ነው ያለው። መኪናው ብዙም አልተጎዳም፣ ነገ ሥራ ይገባል።

ኅዳር 16

ሄሊና፣ «ጋሽ ላጲሶ፣ አንድ ቀን እኔ በሚዛን ቀድሜ፣ እርስዎ ከኋላዬ በእጅዎ ብንፈትሽስ? ቁጥሬን አልነግርዎትም፣ እናስተያያለን» አለችኝ። ጊዜ የለኝም አልኳት። «እሺ፣ ሲመችዎ» አለች። የዚህች ልጅ ትሕትና ያበሳጨኛል።

ኅዳር 19

ማንም ሳይመጣ ገባሁ። አንድ ሳጥን አሰርኩ። ብሎኗን ጨርሼ አላላኋት። ዓይኔን ጨፍኜ አዞርኩ። ከዚያ በመፍቻ አጥብቄ አጠበቅኳት። ዓይኔን ጨፍኜ አዞርኩ።

አንድ ናቸው። ልዩነቱን ያወቅኩት ክንዴ ሲደክም ነው። ጣቶቼ ምንም አልነገሩኝም።

ሰው መምጣት ሲጀምር ብሎኗን ወደ ቦታዋ መለስኩ። የት እንደነበረች ግን በምን ልወቅ።

ኅዳር 20

ለሶሬቲ «እንሂድ» አልኳት። ለምን እንደሆነ አልጠየቀችም፤ ነጠላዋን አነሣች።

ስኳር ነው። ብዙ ጊዜ የቆየ ነው አለ ሐኪሙ። «መደንዘዙ መቼ ጀመረዎት?» ሲለኝ «አልደነዘዘኝም» አልኩት። ሶሬቲ ዘወር ብላ አየችኝና ስለ ነጠላ ጫማው፣ ስለ ሸሚዙ ቁልፍ፣ በሳምንት ውስጥ ስለሰበርኩት ብርጭቆ ሁሉንም ነገረችው። ይህን ሁሉ ስታይ ቆይታለች ለካ። ሐኪሙ ስኳሩ ወደ ልኩ ይመለሳል፣ የጣቱን ግን ቃል አልገባልዎትም አለ።

በታክሲ ስንመለስ እጄን ይዛኝ ነበር። እጄን መያዟን ያወቅኩት አይቼ ነው። ይህን ለማንም አልናገርም።

ኅዳር 24፣ ማክሰኞ

ዘዴ አግኝቻለሁ። ሌሎቹ ምሳ ሲሄዱ የሄሊናን ሚዛን ወስጄ በእሱ አስተካክላለሁ። ከሰዓት በኋላ በሰው ፊት ዓይኔን ጨፍኜ አዞርና «ይሂድ» እላለሁ። ሚዛኑ እንደማይዋሽ አውቄያለሁ።

ዛሬ ሄሊና ስትለካ ቁጥሩ ሁሉ ልክ መጣ። ደስ ብሏት ሮጣ ለኡርጌሳ ነገረችው። ኡርጌሳ ትከሻዬን መታ መታ አደረገና፣ «በቃ፣ ችግሩ የገብረትንሣኤ ነበር ማለት ነው» አለ። ገብረትንሣኤ ማሽኑ ላይ ሆኖ ይሰማል። እኔም ሰማሁ። ዝም አልኩ።

አሁን የሚወጣው ሁሉ ደህና ነው። ቀድሞ የወጣው ወጥቷል። ሹፌሮቹ ለምደውታል፣ ዱቤም ለምጄዋለሁ ብሏል። እስካሁን የሞተ የለም። የገና በዓል ከማለፉ በፊት ምንም ባይነካ ይሻላል።

ከላይ ያለውን አሁን መልሼ አነበብኩት። «እስካሁን» ብዬ ጽፌያለሁ።

ታኅሣሥ 1፣ ማክሰኞ

ሶሬቲ ለገጣፎ ልቅሶ ደርሳ ስትመለስ ታክሲ አጥታ ቆማ ሳለ ዱቤ አይቷት ጭኗት መጣ። የካራን ቁልቁለት በድንጋይ መኪና ወረደች። እራት ላይ እየሳቀች ነው የምታወራኝ።

«መሪውን እንደ እልኸኛ በሬ ነው የሚታገለው። ኩርባው ላይ ብድግ ብሎ በሁለት ክንዱ ነው የሚመልሰው። ረዳቱም ያግዘዋል። እኔ ኢየሱስ ኢየሱስ እላለሁ፣ እሱ ‹አይዞዎት እትዬ ሶሬቲ፣ ጋሽ ላጲሶ ያየው ነው› ይለኛል።»

«ለምን አልወረድሽም?»

«አንተ ያየኸው ነው ካለኝ ምን ልሁን ብዬ እወርዳለሁ?»

ማንኪያውን አስቀመጥኩ። ምን ሆንክ አለችኝ። ስኳሩ ነው አልኳት።

አሁን ተኝታለች። እኔ ካራን እያሰብኩ ነው። ያ ቁልቁለት ሲያልቅ ትምህርት ቤት አለ፣ ታክሲ መያዣ አለ፣ ጠዋት ጠዋት ሰው እንደ ጉንዳን ነው የሚፈሰው። ድንጋይ የጫነ መኪና ታጥፎ ካልተመለሰ ቆርቆሮ አይደለም የሚጥሰው። ደግሞ የዱቤ ብቻ አይደለም። ከመስከረም ጀምሮ፣ ምናልባትም ከዚያ በፊት፣ የእኔን ቃል አምነው የወሰዱ ሁሉ አሉ። አጥብቄ የላክኋቸው እኔ ነኝ። መሪው ይይዘኛል ብሎ የመጣውን ሰው ይበልጥ አጥብቄ የመለስኩት እኔ ነኝ። ገብረትንሣኤ አይደለም፣ ጢሱም አይደለም።

ከእጄ ሌላ ምን ነበረኝ? እፈራለሁ። ይህን ካልኩ በኋላ ወርክሾፑ ውስጥ የምቆምበት ቦታ የለኝም።

ታኅሣሥ 2፣ ረቡዕ

ለኡርጌሳ ነገርኩት። ቢሮው ውስጥ፣ በሩን ዘግቼ።

መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ ፊቴን አየና አቆመ። «ሌላ ማን ያውቃል?»

«ሶሬቲ። እጄን እንጂ መሪውን አታውቅም።»

«እንግዲያው ከገና በኋላ አንድ በአንድ በዘዴ እየጠራን እናስተካክላቸዋለን። አሁን እጄ ደንዝዟል ብለህ ብትወጣ ማን ዳግመኛ እዚህ በር ይመጣል? ላጲሶ፣ አባቴ ሽምብራ ይዘራበት የነበረው መሬት ነው ይሄ። ከእርሻው የቀረን ይህቺው ናት። እነዚህን ማሽኖች ተክዬ ሰው እስኪያምነኝ ስንት ዓመት እንደፈጀ ታውቃለህ።»

«አውቃለሁ። ዱቤ ግን ወንድምህ ነው።»

ስልኩን አንሥቶ ለዱቤ ደወለ፣ በኦሮምኛ አወሩ። የዱቤ ሳቅ እኔ ዘንድ ድረስ ይሰማል። ኡርጌሳ ስልኩን ዘግቶ፣ «ጋሽ ላጲሶ እንዲህ የሚለው ትሕትና ስለሚወድ ነው፣ ሥራዬን አታስፈታኝ አለኝ» አለ። «ነገ ጠዋት ሹፌሮቹን ካራ አናት ላይ እናገኛቸዋለን። እዚያ ቆመው ሻይ ሳይጠጡ አይወርዱም።»

ከቢሮው ስወጣ በቀጥታ ወደ ገብረትንሣኤ ሄድኩ። ማሽኑን አጠፋ።

«ጥፋቱ የኔ ነበር። እጄ አይሰማም። ስኳር ነው።»

«ይማርዎት» አለ መጀመሪያ። ቀጥሎ፣ «እኔን ግን የተናገሩኝ በሰው ፊት ነበር» አለ።

እውነቱን ነው። ሁሉንም ጠራኋቸውና በፊታቸው ደገምኩት። ሄሊና እንባዋ መጣ፤ ቀድሞ ገብቷት እንደነበር አሁን ተረዳሁ። ገብረትንሣኤ መፍቻዎቹን በጆንያ መሰብሰብ ጀመረ። ነገ አብሬያችሁ እሄዳለሁ አለ።

ታኅሣሥ 3፣ ሐሙስ

ካራ ላይ ብርዱ ያንቀጠቅጣል። መኪናዎቹ ድንጋያቸውን እንደጫኑ ተሰልፈው ቆመዋል፣ ሞተራቸው አልጠፋም፤ አሮጌ ስለሆኑ ከጠፉ በግፊ ነው የሚነሡት። ዱቤ ፊት ነው፣ ሊወርድ ተዘጋጅቷል። በመስኮቱ ወደ እኔ ጎንበስ አለ።

ነገርኩት። ሌሎቹም ሹፌሮች ብርጭቆአቸውን ይዘው ከበቡን። ነገርኳቸው። መሪዎቹ ልክ አይደሉም፣ አጥብቄባችኋለሁ፣ ዛሬ በዚህ አትውረዱ፣ ገብረትንሣኤ እዚሁ ያላላላችኋል፣ ሄሊና በሚዛን ታያለች።

አንዱ፣ «ጋሽ ላጲሶ፣ እርስዎ ይሂድ ያሉትን ሚዛን ነው የሚያርመው?» አለ። ሌላው፣ «ኡርጌሳ አዲስ ሳጥን ሊያስገዛን ይሆናል» አለ፤ ተሳሳቁ። ኡርጌሳ ከኋላዬ ቆሞ አንገቱን ደፋ። ዱቤ ማርሽ አስገባ። «እግዜር ይስጥልኝ፣ አባቴ። ማታ እመጣለሁ፣ ሠራተኞች እየጠበቁኝ ነው» አለኝ። የድሮ ቃሌን ከአሁኑ ቃሌ አስበልጦ አምኖታል።

በሩን ከፍቼ ደረጃው ላይ ወጣሁ። እጄን ዘረጋሁለት። «ኪስህ ውስጥ ያለውን የፈለግከውን ነገር ጣቶቼ ላይ አስቀምጥ። ዓይኔን እጨፍናለሁ። ምን እንደሆነ ከነገርኩህ ሂድ።»

«ምን ያደርጋል አሁን ይሄ?»

«አስቀምጥ ብዬሃለሁ።»

ዓይኔን ጨፈንኩ። የሹፌሮቹ ሳቅ ይሰማኛል፣ ሞተሩ ይሰማኛል፣ ብርዱ ፊቴ ላይ ይሰማኛል። ጠበቅኩ። ዱቤ ዝም ብሏል፤ በእኔ ማሾፍ ነውር ሆኖበት ነው ብዬ አሰብኩ። ሳቁም ቀስ በቀስ ቆመ።

«አስቀምጥ እንጂ፣ ዱቤ» አልኩት።

ዓይኔን ገለጥኩ። ሃምሳ ሳንቲም ሦስቱ ጣቶቼ ላይ ተቀምጣለች።

ዱቤ እሷን ነው የሚያየው። ከዚያ እኔን አየ። ማርሹን አወጣ፣ እጁን ሰደደና ሞተሩን አጠፋ። ገብረትንሣኤ ጆንያውን ይዞ ከመኪናው ሥር ገባ። ከኋላ የቆመው ሹፌር ብርጭቆውን መሬት ላይ አስቀምጦ ወደ መኪናው ሲሄድ አየሁት፤ የእሱም ሞተር ጠፋ፣ የሚቀጥለውም፣ የሚቀጥለውም።